እናታችን ከረሜላ እንዲበሉ የተወሰነበት ስብሰባ

ቀን፦ ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ቦታ፦ የቤተሰቡ ከረሜላ ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል

የተገኙ፦ እናታችን (የፋብሪካው ባለቤት፣ የስኳር ሕመምተኛ)፤ ታላቅ ወንድማችን (ሰብሳቢ)፤ መካከለኛው ወንድማችን (የሽያጭ ኃላፊ)፤ የሰብሳቢው ሚስት (የኬሚስትሪ መምህርት፣ ምራት በመሆኗ ድምፅ የማትሰጥ)፤ እኔ የመጨረሻዋ ልጅ (ጸሐፊ)።

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ባይሟላም እናታችን በሩ ላይ ወንበር ስበው ስለተቀመጡ መውጣት አይቻልም ነበር።

አጀንዳ 1፦ ከብቅል ስኳር የተሠራው አዲሱ ከረሜላ ባለፈው ወር ስኳራቸው ጨምሮ ራሳቸውን ስተው ለወደቁት እናታችን ስለመፈቀዱ

ሰብሳቢው ሐኪሙ የከለከለው ስኳር እንጂ ከብቅል የሚገኘው ማልቶስ አለመሆኑን፣ ማልቶስም ጣፋጭነቱ ሻይ ላይ ከምንጨምረው የገበታ ስኳር እጅግ ስለሚያንስ ስኳር ሊባል እንደማይገባው አስረዱ። መምህርቷ ማልቶስ ማለት እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ግሉኮሶች መሆናቸውን፣ አንጀት ሲደርሱም ተላቀው ደም ውስጥ እንደሚገቡ ተናገረች። የሽያጭ ኃላፊው ለመላቀቅ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠየቀ። ውሃ ነው ተባለ። ከረጅም ውይይት በኋላ እናታችን ከረሜላውን ያለ ውሃ እንዲበሉ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። መምህርቷ ምራቅም ውሃ ነው በማለቷ ሥነ ሥርዓት እንድትይዝ ተነገራት።

አጀንዳ 2፦ ሙከራ

መምህርቷ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ሰማያዊ የስኳር መመርመሪያ ፈሳሽ ከሟሟው ከረሜላ ጋር ስታሞቀው የጡብ ቀለም ያዘ። የሽያጭ ኃላፊው ፈሳሹ ቂም እንዳለበት ገልጾ የገበታ ስኳርም እንዲሞከር ጠየቀ። ተሞከረ፤ ሰማያዊው ንቅንቅ አላለም። ስብሰባው በጭብጨባ ተቋረጠ። መምህርቷ በገበታ ስኳር ውስጥ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ፈሳሹን የሚለውጠውን ጫፋቸውን እርስ በርስ ቆልፈው ስለያዙ ነው ብትልም ሰሚ አላገኘችም። የገበታ ስኳር ስኳር እንዳልሆነ ተወስኖ፣ እናታችን ሻይ ላይ እንዳሻቸው እንዲጨምሩ ተፈቀደ። ጸሐፊዋም እጇን አውጥታለች። እናታችንን እምቢ የሚል ልጅ በዚህ ቤት ገና አልተወለደም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው አንድ ከረሜላ ልጠው ለእናታችን ሲዘረጉ መምህርቷ ከእጃቸው ነጥቃ ኪሷ ከተተችው። ሰብሳቢው ምን እንደነካት ጠየቋት።

«ሲወድቁ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ሁለተኛ ግን አልችልም» አለች። እኛ ሁላችንም ጠረጴዛውን ማየት ጀመርን፤ አፈርን።

እናታችን የመናገር ዕድል ሳይጠይቁ ተናገሩ። «እናንተ እኔን የምታስደስቱበትን ስትፈልጉ እሷ የምኖርበትን ፈለገች። ከዛሬ ጀምሮ ድምፅ ያላት እሷ ነች።»

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ማልቶስም የገበታ ስኳርም ወደ ስኳርነታቸው ተመልሰዋል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ። እናታችን ምራታቸውን ተደግፈው ሲወጡ «ግማሿን እንኳ?» ብለው በሹክሹክታ መጠየቃቸው ተሰምቷል።

«ግማሿማ ንጹሕ ግሉኮስ ናት፣ እማማ» አለቻቸው።