የመርካቶው ቀማሽ

መርካቶ ውስጥ ሳይቀምስ የሚገዛ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ቸኩሏል። ቀምሶ፣ ተሳድቦ፣ ጥሎ ሄዶ፣ ተመልሶ መጥቶ የሚገዛ ሰው ግን በየሰፈሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድግስ ሲደገስ ወጡ ሳይቀርብ በፊት ድስቱ አጠገብ የሚገኘው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዶ፣ አስከሬኑ ሳይወጣ፣ ንፍሮው ጨው እንደጎደለው በጆሮአችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የሶማሌ ተራው ቀማሽ ክቡር ጀማለዲን ይባላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ቅዳሜ ሲሆን ሱቁን ቆልፎ የቅቤ ዳኛ፣ የማር ዐቃቤ ሕግ፣ የበርበሬ መርማሪ ሆኖ ይወጣል። ችሎቱ ተዘዋዋሪ ነው። ምስክር አይሰማም፤ "ቆይ፣ ምላሴ ይፍረድ" ይላል እንጂ።

ከኋላው የሚጎተተው ውብሸት ነው፤ መሳለሚያ ራዲያተር የሚጠግን፣ ከጉርምስና ጀምሮ የጀማለዲን ጓደኛ። ፈጣሪ ለጀማለዲን ለሁለት ሰው የሚበቃ ምላስ ሲሰጥ አንዱን ከውብሸት ወስዶ ሳይሆን አይቀርም። ለውብሸት የቀረበለት ሁሉ "ጥሩ ነው"።

"ጥሩ ነው ይለኛል እንዴ!" ይጮሃል ጀማለዲን። "ጫማም ጥሩ ነው። እኔ የምጠይቅህ ምን ምን ይላል ነው!"

"ፉል ፉል ይላል።"

"ያ ረቢ! ከዚህ ሰውዬ ጋር ላረጅ ነው።"

ቅቤ ሻጯ እትዬ ሰገነት ገና ከሩቅ ስታየው "መጣ ደሞ!" ትላለች። እሱ ስንደዶውን መዝዞ የቅቤው ሆድ ድረስ ይሰድና አውጥቶ ያሸታል፣ ይልሳል፣ ሰማይ ሰማይ ያያል። ፍርዱን የሚጠብቅ ሰው ይሰበሰባል።

"ሙዝ" ይላል በመጨረሻ።

"የምን ሙዝ?"

"ሙዝ ገብቶበታል፣ እትዬ። ልጣጩን ብቻ ነው ያስቀሩት።"

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምላስህ አንድ ቀን ይዞህ ይጠፋል!"

እየተሰዳደቡ ይለያያሉ። ተራውን ሁሉ ዞሮ፣ ሁሉንም ኮንኖ፣ ተመልሶ ከእሷው ይገዛል።

ሥጋ ላይ ሲደርሱ ሁለቱ ጓደኛሞች መንገዳቸው ይለያያል። ጀማለዲን ወደ ሙስሊሙ ክትፎ ቤት፣ ውብሸት ወደ ክርስቲያኑ ይገባሉ። አልተጣሉም፤ ሁለቱም እንዲህ ሆነው ነው ያደጉት። ከበሉ በኋላ መንገድ ላይ ተገናኝተው ያወራሉ። የጀማለዲን አንድ ሳህን ክትፎ ወሬው ተክለ ሃይማኖት ድረስ አያልቅም፤ የውብሸቱ ግን እግሩን ሳያነሳ ያልቃል። ከአንድ ሳህን እጃቸውን አግጥመው የሚበሉት የፉል ቤቷን ባለቤት የሰሀርን ፉል ነው። ቅዳሜና እሁዳቸው የሚዘጋው እዚያ ነው።

ባለፈው ክረምት በዚያ ምላስ ጎን ላይ ቁስል ወጣ። ጀማለዲን "ሚጥሚጣ ነው" ብሎ ናቀው። ቁስሉ አልድን አለ። ሐኪሙ ቆንጥሮ ወስዶ አስመረመረና ካንሰር ነው አለ፤ የምላሱ አብዛኛው ይቆረጣል። ለሰኞ ቀጠሩት።

ከዚያ ሰኞ በፊት የነበረውን ቅዳሜና እሁድ ጀማለዲን ቤቱ ሊፈርስበት እንደሆነ ሰው ዕቃ ሲያወጣ ዋለ። ማር ቀመሰ፣ ሳምቡሳ በላ፣ ክትፎውን በቆጮ በላ። ቅመሙ ቁስሉን በነካው ቁጥር እንባው ይወርዳል፤ ጠርጎ ይቀጥላል። እሁድ ማታ ሰሀር ማየት አቅቷት "ጋሽ ጀማል፣ ቃሪያውን ላንሳልዎት?" አለችው።

"እንዳትነኪው!" አላት። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞረ። "ውቤ፣ ዛሬ እንኳ ልብ ብለህ ብላ። ከነገ በኋላ የምጠይቀው አንተን ነው።"

ውብሸት ጎረሰ። ልብ ብሎ አላመጠ። ያን ማታ ፉሉ ምንም ምንም አላለውም።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጀማለዲን በአንደኛው አፍንጫው ቱቦ ገብቶለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ባለቤቱ ሀምዲያ ኮሪደሩ ላይ "ዶክተሩስ ደህና ነው ይላል፤ እሱ ግን እኔንም አያየኝ። ከግድግዳው ጋር ነው የሚውለው" ብላ አለቀሰች።

ውብሸት ቅዳሜ ሰሀር ቤት በልቶ መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ጀማል፣ ፉሉን በላሁልህ።"

ጀርባ።

"ከሙን ነበረው። ቅቤው... ቅቤው ጥሩ ነበር።"

ጀማለዲን ቀስ ብሎ ዞረ። የውብሸትን ቀኝ እጅ ያዘና ጣቶቹን ቱቦ ወደሌለባት አፍንጫው አስጠግቶ በረጅሙ ሳበ። ውብሸት ግን ጨዋ ሰው ነው። ሕመምተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጥቧል። ጀማለዲን እጁን ለቀቀውና ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች ሀምዲያ።

"ሳሙና ሳሙና ብዬው ነው" አለ ውብሸት።

እሁድ ሰሀር ቤት ሲገባ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። "ቅቤውን አብዢ፣ ከሙኑን አትሰስቺ!" ብሎ በአምስት ጣቱ በላ። የእጅ ውኃ ስታመጣለት እንደ እሳት ሸሸ።

"ምነው ጋሽ ውብሸት፣ አይታጠቡም?"

"ለሰው ነው የምወስደው።"

ታክሲ ውስጥ ቀኝ እጁን ከትከሻው በላይ አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ሂሳቡን በግራ እጁ ከቀኝ ኪሱ ሲያወጣ አጠገቡ ያለችው ሴትዮ ላይ ተኛባት።

"ፋዘር፣ እጅዎ ተሰብሮ ነው?" አለ ረዳቱ።

"የለም፣ ፉል ነው።"

የሆስፒታሉ በር ላይ ደግሞ ዘበኛው ሳኒታይዘር ይዞ ቆሟል። ውብሸት ግራውን ዘረጋ።

"ቀኙንስ፣ አባት?"

"እሱ ታሟል።"

ዘበኛው ጠጋ ብሎ አሸተተ። "እንዲህ ያለው በሽታስ ለእኔም ይጋባብኝ" አለና አሳለፈው።

ውብሸት ክፍሉ እንደገባ እጁን በግድግዳውና በጀማለዲን ፊት መካከል ሰደደው። ጀማለዲን መጀመሪያ አልተነቃነቀም። ከዚያ አውራ ጣቱን አሸተተ፤ ከዚያ ሌባ ጣቱን፤ ከዚያ መዳፉን ፊቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ሲገልጥ ግንባሩ ተኮሳትሮ ነበር። ጣቶቹን አየር ላይ ፈተግ ፈተግ አድርጎ፣ የሆነ ነገር እንደሚነሰንስ ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ከሙን አነሰው?" አለ ውብሸት። "እኔ ራሴ አስጨምሬ! አይኔ እያየ! አንተ ሰው፣ ምን ብታሸት ነው የምትረካው?"

ጀማለዲን ግድግዳውን ትቶ፣ ትራሱን ደግፎ፣ በሁለት እጁ ይከራከረው ጀመር። ሀምዲያ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ትሳቅ ታልቅስ አይታወቅም።

ምላሱ አልተመለሰም፤ አይመለስም። ሐኪሙም ስለ መጪው ክረምት ሲጠየቅ ወሬ ይለውጣል። እናንተ ግን በሳምንቱ መጨረሻ ከመሳለሚያ በተነሳ ታክሲ ውስጥ ቀኝ እጁን አንጠልጥሎ የተቀመጠ ሰው ካያችሁ ቦታ ልቀቁለት። ሰላም በሉት፤ አትጨብጡት።