የክብርት ፍቅርተማርያም ትምህርት ሚኒስቴር፣ ረገንስዶርፍ

እቅድ አውጪ የሌለበት ቤተሰብ የለም። አለ የሚል ካለ እቅድ አውጪው ራሱ ነው። ለሠርግ የመኪና ተራ የምትደለድል፣ ለቅሶ ቤት ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የምትወስን፣ ገና ያልተረገዘ ልጅ የሚገባበትን ትምህርት ቤት አጣርታ የጨረሰች አንዲት ሴት በየዘመዱ አለች። ሌሎቻችን የምንኖረው እሷ አስቀድማ የጨረሰችውን ኑሮ ነው፤ ያውም አርፍደን እየደረስን።

የእኛዋ ክብርት ፍቅርተማርያም ትባላለች። የአክስቴ ልጅ ናት፤ በጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ስትቆጣኝ ግን እናቴን ታክላለች። ዙሪክ አጠገብ ረገንስዶርፍ ከባሏ ከኃይለመለኮትና ከልጇ ከማራኪ ጋር ትኖራለች። እኔ ሱራፌል ጄኔቭ ነኝ፤ ኦ ቪቭ ሠፈር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ እቀበላለሁ። በመካከላችን የሦስት ሰዓት ያህል የባቡር መንገድ አለ። ይህ ርቀት ከእቅዷ ያድነኛል ብዬ የማስብበት የሞኝነት ዘመን ነበረኝ።

ነገሩ የመጣው ከማራኪ ዝምታ ነው። ማራኪ ቤት ውስጥ በአማርኛ ስትለፈልፍ የሚያስቆማት የለም። ኪንደርጋርተኑ በር ላይ ስትደርስ ግን አፏ ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ ለአስተማሪዋ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ውኃ ሲጠማት እንኳ በጣቷ ነበር የምታሳየው። አስተማሪዋ ደግ ሴት ናት። ታገሠች፣ ባለሙያ አስጠራች፣ በመጨረሻ ወላጆቹን ቁጭ አድርጋ፣ ልጅቷ በዚሁ ከቀጠለች ከሠፈሩ ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ከምትገባ ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ እየሰበሰበ ወደሚወስዳቸው ልዩ ትምህርት ቤት ብትሄድ እንደሚሻላት ነገረቻቸው።

ሽሊረን መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ኃይለመለኮት «እኔም ልጅ ሆኜ እንዲሁ ነበርኩ፤ ዝምታ ወርቅ ነው» አለ፤ ከዚያም ወርቁን ማከማቸቱን ቀጠለ። «ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ ልጁን ኪንደርጋርተን አላስገባም» አለችው ክብርትነቷ። ያን ሌሊት ሳይሆን በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ፣ በምሳ ሰዓቷ፣ የካንቶኑን (እዚህ አገር ክልሉን ካንቶን ይሉታል) ሕግ አገላብጣ አነበበች። መምህርነት ያልተማረ ወላጅ ልጁን ቤት ውስጥ ማስተማር የሚችለው ለአንድ ዓመት ብቻ እንደሆነ ደረሰችበት።

«አንድ ዓመት፣ ሱሬ!» አለችኝ በስልክ። «በአንድ ዓመት ሰው ስንት ነገር ይሠራል! በጥር ከካንቶኑ አንዲት ሴትዮ መጥታ ታያታለች። ማራኪ በጀርመንኛ አፏን ሞልታ ታናግራታለች። በነሐሴ ከእኩዮቿ ጋር አንደኛ ክፍል ትገባለች። እቅድ ውስጥ ገብቷል።»

«እቅድ ውስጥ ገብቷል» ካለች ይግባኝ የለውም። እኔም ሳላውቀው ገብቼ ነበር።

መጀመሪያ ሥርዓተ ትምህርት መምረጥ ነበረባት። የካንቶኑ አለ፤ እሱ ግዴታ ነው። ከአሜሪካ በሣጥን የሚመጣ፣ የየቀኑ ትምህርት በየቀለሙ የተለየ አለ። እኔ ከጄኔቭ ገዝቼ እንድልክ የታዘዝኩት የፈረንሳይኛ አለ። የፊደል ገበታ ከነአቡጊዳው አለ። አንዲት ጎረቤቷ ደግሞ እዚህ አገር ልጆች ጫካ ውስጥ፣ ዝናብ ቢዘንብ ባይዘንብ፣ እንጨት እየለቀሙ እንደሚማሩ ነግራታለች።

«ታዲያ የትኛውን መረጥሽ?» አልኳት።

«ምን ማለትህ ነው የትኛውን? ልጄ ከሁለት ያጣ ጎመን ትሁን?»

ሁሉንም መረጠች። የፊደል ገበታውን በላስቲክ ሸፍና፣ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ሰቅላ፣ በካፊያ «ሀ ሁ ሂ» አስባለቻት። ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው አዩ፤ ምናልባት የአምልኮ ሥርዓት መስሏቸው ኮፍያቸውን አንሥተው አለፉ። እኔ የፈረንሳይኛ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ፤ ደመወዝ የለውም። በመጀመሪያው ትምህርት ማራኪ በስልኩ መስታወት ትክ ብላ አየችኝና «ሱሬ፣ አፍንጫህ ትልቅ ነው» አለችኝ በአማርኛ። ክፍለ ጊዜው በዚህ ተጠናቀቀ።

ቀጥሎ የዓመቱ እቅድ መጣ። ከሳሎኑ መስኮት እስከ በሩ የሚደርስ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ ዓመቱም ከመስከረም አንድ ጀምሮ በእኛው አቆጣጠር ተዘረጋበት። እዚህ ትምህርት የሚጀመረው በነሐሴ መሆኑን ሳስታውሳት «ነሐሴማ ክረምት ነው» አለችኝ። ይህን ስትል የዙሪክ ሰው በሙቀት ተቃጥሎ ልብሱን እየጣለ ሐይቅ ውስጥ ይገባ ነበር።

«ልጅ በክረምት ጭቃ እያቦካ ትምህርት ቤት አይሄድም።»

«ፍቅርተ፣ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ጭቃ አለ?»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው» አለች፣ ዘጋችብኝ።

ከዚያ በዓላት መግባት ጀመሩ። መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። በየወሩ አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ገባች፤ ማራኪ የስለት ልጅ ናትና በዚያ ቀን መጽሐፍ አይከፈትም። ቀጥሎ የፎቋ ጎረቤት ሰሊማ መጣች። ሰሊማ የደሴ ልጅ ናት፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ልጇ ሙአዝ አንደኛ ክፍል ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እሷ ከሥራ እስክትገባ ከማራኪ ጋር ይጫወታል። ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አየችና «ኢዱስ የታለ?» አለች። «ሙአዝ ኢድ ሲያከብር ማራኪ ቁጭ ብላ ልትደምር ነው? እሱስ በጥምቀት መቼ ቀርቶ ያውቃል?» ለወሎዬ በዓል የጋራ ነው። ኢድ፣ አረፋና መውሊድ ገቡ። ዙሪኮች በጸደይ የበረዶ ሰው ምስል ሰቅለው የሚያቃጥሉበት ሰኞ አላቸው፤ «ደመራ በለው» ብላ እሱንም አስገባችው።

በመጨረሻ የእኔ ክፍል ቅር እንዳይለው የጄኔቭን በዓላት ጠየቀችኝ። በእኛ ጳጉሜ ግድም «የጄኔቭ ጾም» የሚባል አለ አልኳት። ደስ አላት።

«ከምንድን ነው የሚጾሙት?»

«የፕሪም ኬክ ይበላሉ።»

«በጾም?»

«በጾም።»

«ቅቤ አለው?»

«ሞልቶ።»

ለጄኔቭ ሕዝብ ነፍስ ከልቧ አዘነች፤ በዓሉን ግን አልተወችውም። በዚያ ሰሞን ሄጄ ግድግዳውን ሳየው ቀይ በቀይ ሆኗል። «ትምህርቱ የት ገባ?» ብላት በጣቷ ቦታ ቦታ እያሳየች «ይሄ ነጭ ነጩ ምን መሰለህ?» አለችኝ።

ሰው ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። እሷ ግን በእነዚያ ነጭ ቀናት ቀልድ አታውቅም። ማለዳ ተነሥታ፣ ልጅቷን አልብሳና አበጥራ፣ የጀርመንኛ ካርዶቿን ታነሣለች። «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች በጀርመንኛ። ማራኪ ካርዱን ታያለች። ማራኪ ትንፋሽ ሳትስብ ፍቅርተ ራሷ ትመልሳለች፤ «ጎበዝ!» ትላለች፤ ታጨበጭባለች፤ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። እኔ ባየሁት ትምህርት መልሱን ሁሉ ያገኘችው እናቲቱ ናት።

ጥር ሲገባ አንድ ቀን ደወለች። ድምጿ የሷ አልነበረም።

«ሱሬ፣ ባታወራስ?» አለችኝ።

ከተወለድኩ ጀምሮ መልሱን የማታውቀውን ጥያቄ ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም። የካንቶኗ ሴትዮ ከምትመጣበት ቀን በፊት ዙሪክ እንደምደርስ ነገርኳትና ከሥራ ፈቃድ ጠየቅኩ።

የቀኑን ነገር እንግዲህ ላስረዳ። ካንቶኑ ቀጠሮውን የላከው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፍቅርተ ወደ ግድግዳዋ የመለሰችው በጭንቅላቷ፣ አምና በለመደችው ልዩነት ነበር። ያለፈችው ጳጉሜ ግን ስድስት ቀን ነበረች። እንዲህ ሲሆን ቀጣዩ ዓመት እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ይዛነፋል፤ በሁለት አቆጣጠር የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ሁሉም ይረሳዋል። ለጥር አሥራ ስድስት የተያዘው ቀጠሮ አሥራ ሰባት ላይ ተጻፈ።

እኔ የደረስኩት ጥር አሥራ ስድስት ከቀትር በኋላ ነው። ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች ትምህርት የለም። ቤቱ ለነገው ክብር እየታጠበ ነው፤ ወንበሮቹ ሶፋው ላይ ተከምረዋል፣ ምንጣፉ በረንዳ ላይ ተሰጥቷል፣ ክብርትነቷ በቢጃማ፣ ራሷን በሻሽ አስራ፣ መወልወያ ይዛለች። ማራኪና ሙአዝ ጠረጴዛው ላይ አንሶላ ጥለው ከሥሩ ቤት ሠርተዋል። እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ ሥራ ተሰጠኝ፤ የካንቶኗን ሴትዮ ሆኜ ልምምድ ላደርግ ነው።

«ውጣና ደውል። ስትገባ ኮስተር በል። ሴት ነህ።»

ወጣሁ። ኮስተር አልኩ። ደወልኩ። በሩ ተበርግዶ ፍቅርተ በሚያምር ጀርመንኛ፣ ፎቁ እስኪያስተጋባ፣ እንኳን ደህና መጡ አለችኝ። ከዚያ ዓይኗ በትከሻዬ በኩል አለፈና እዚያው ቀረ። ዞር ስል ቦርሳ ያነገተች፣ ፀጉሯ አጭር፣ ደርባባ ሴት ከኋላዬ ቆማለች። ስሟን ተናገረች፤ ከካንቶኑ ነኝ አለች።

ፍቅርተ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ከፈተች፤ ዘጋችው። ያ ሁሉ ጀርመንኛ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። አንድ ነገር ማለት አለብኝ ብዬ «ቦንዡር» አልኩ፤ ሴትዮዋም በጨዋነት «ቦንዡር» አለችኝ፣ ነገራችንም እዚያው አለቀ። ፍቅርተማርያም ቆማ ሳለች እንዲህ ያለ ጸጥታ በዘመዶቻችን ታሪክ ወርዶ አያውቅም።

አንሶላው ተነቃነቀ። ማራኪ በካልሲዋ ወጣችና እናቷ ፊት ቆመች። ሴትዮዋን ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ አየቻት። ከዚያ ተናገረች፤ በጀርመንኛ፣ ያውም በዙሪኮቹ አነጋገር፣ ሳትደናቀፍ፣ እጇን እያወናጨፈች። ሙአዝ አጠገቤ መጥቶ ተረጎመልኝ።

«እማዬ ነገ ትመጣለች ብላ ነው ትላለች። ዛሬ በዓል ነው ትላለች። ግን ግቢ ትላለች። ጫማ አውልቂ ትላለች፣ ወለሉ እርጥብ ነው።»

ሴትዮዋ ጫማዋን አወለቀች። ማራኪ እጇን ይዛ ወደ ግድግዳው ወሰደቻትና ዓመቱን ከመስከረም ጀምራ አስጎበኘቻት። ፋሲካን አሳየች፤ ኢድን አሳየች፤ ጳጉሜ ላይ ስትደርስ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። «የሱሬ ጾም ነው፣ ኬክ የሚበላበት፣ ትላለች» አለኝ ሙአዝ። ሴትዮዋ ስትስቅ ዓይኗን ጠረገች። ከቦርሳዋ መጽሐፍ አውጥታ ሥዕል አሳየቻት፤ ጠየቀቻት፤ ማራኪ ከተጠየቀችው አብልጣ መለሰች።

«ይሄን ሁሉ ማን አስተማራት?» አልኩት ሙአዝን በሹክሹክታ።

«እኛ ሁሌ እንደዚህ እኮ ነው የምናወራው፣ ጠረጴዛ ሥር» አለኝ። «ማንም አልጠየቀኝም።»

ሴትዮዋ ስትሄድ ማራኪ በነሐሴ ከእኩዮቿ ጋር አንደኛ ክፍል እንድትገባ እንደምትጽፍ ነገረቻቸው። እንዲህ ያለ የዓመት እቅድ በሥራ ዘመኗ አይታ እንደማታውቅም ጨመረች፤ ሙገሳ ይሁን አይሁን እስካሁን እንከራከራለን። በሩ ሲዘጋ ፍቅርተ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች።

«ማርዬ፣ እናቴ» አለች፣ «እስከ ዛሬ ለምን አላናገርሽኝም በጀርመንኛ?»

ማራኪ ግራ ገባት። «አንቺ እያወራሽ ነበራ።»

ፍቅርተ ሳቀች ወይስ አለቀሰች፣ ለይቼ አላውቅም። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ፈተናው ስላለቀ በዚያው አመሻሽ ወደ ጄኔቭ ተሳፈርኩ። እንደ ልማዷ ቢሆን ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ ትደውላለች፦ ሻርፕህን አድርገሃል ወይ፣ ሚስት አግኝቼልሃለሁ፣ በበጋው ፈቃድህን እንዲህ ታደርገዋለህ። የበርንን ከተማ አለፍን፤ ስልኬ ጭጭ። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ ስንት ጊዜ የለመንኩት ሰላም ነው። ፍሪቡር ስንደርስ አላስቻለኝም። ደወልኩ።

«ምነው?» አለች በለሆሳስ።

«ምንም። አመመሽ እንዴ? ዝም አልሽ።»

«እሽሽ። እያወራች ነው። እየሰማኋት ነው።»

ስልኩን ሳትዘጋው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ከሩቅ የማራኪ ድምፅ ይመጣል፤ ለሙአዝ አንድ ረጅም ነገር እያጫወተችው ነው፣ በጀርመንኛ፣ አንድም ቃል አይገባኝም። የፍቅርተ ትንፋሽ ብቻ ከቅርብ ይሰማል። ሎዛንን አለፍን፣ ሞርዥን አለፍን። ጄኔቭ እስክገባ ሁለታችንም ትንፍሽ ሳንል ልጅቷን ሰማናት።