ለባክቴሪያው «ይገመታል»፣ ለሰዎቹ «ይታወቃል»

ዛሬ ቡሬ ላይ ሽማግሌ ፊት የቀረብኩት በባክቴሪያ ምክንያት ነው ብላችሁ ታምናላችሁ?

እኔም አላመንኩም። ግን ቀርቤያለሁ።

በጋዜጠኝነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ወሬን ከሁለት ሰው ሳልሰማ አልጽፍም። ፍኖተ ሰላም ላይ ስሜ የሚነሳው በዚህ ነው። (እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።)

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ፔጅ ላይ ስለ አንዲት ተመራማሪ ሥራ ፖስት አድርጌ ነበር። ትርንጎ ትባላለች። ከበሰበሰ የበቆሎ አገዳ ክምር ውስጥ አንድ ባክቴሪያ አግኝታ፣ ምን እየበላ እንደሚኖር ለማወቅ ፕሮቲኖቹን ታጠናለች። ፕሮቲን በኮምፒውተሯ ላይ ሲታይ ረጅም የፊደል ሰልፍ ነው። ያንን ሰልፍ ሥራቸው ከታወቀ ፕሮቲኖች ሰልፍ ጎን አስቀምጣ ፊደል በፊደል ታስተያያለች። አንዱ፣ አገዳን ወደ ስኳር ከሚፈታ ኢንዛይም ጋር በጣም ተመሳሰለ። ስለዚህ ይሄኛውም አገዳ ይፈታ ይሆናል አለች።

«ይሆናል» ነው ያለችው። «ጋሼ፣ መመሳሰል ጥቆማ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ አገዳውን ሲፈታ በዓይኔ ካላየሁ አላምነውም» ብላ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቃኛለች።

ሰማኋት። «ይገመታል» ብዬ ጻፍኩ።

ጣጣው የመጣው ከምሳሌው ነው።

ነገሩ ለአንባቢ እንዲገባ ብዬ የሁለት ሰዎች ፎቶ ጎን ለጎን ለጠፍኩ። አንዱ የቡሬው በርበሬ ነጋዴ አቶ አድማሱ፣ ሌላው የደምበጫው ገበሬ አቶ ስሜነህ። ሁለቱንም በተለያየ ጊዜ ለዘገባ አነጋግሬያቸው ነበር። ያ ሰፊ ግንባር፣ ያ ወደ ውጭ የወጣ ጆሮ፣ ቁርጥ አንድ ናቸው። ከሥሩም እንዲህ አልኩ፦ «የአንድ ዘር ልጆች መሆናቸው ከፊታቸው ይታወቃል። ኮምፒውተሩም የሚሠራው እንዲሁ ነው።»

ለባክቴሪያው «ይገመታል»። ለሰዎቹ «ይታወቃል»።

ያላጣራሁት ነገር ምን መሰላችሁ? የአቶ አድማሱ ልጅ ብርቱካን ለአቶ ስሜነህ ልጅ ታጭታለች። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጌሾው ተወቅጧል።

በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ እንደሌለ ታውቃላችሁ። በሁለቱም ወገን እስከ ሰባተኛው አያት አንድ የጋራ ስም ከተገኘ ሰርግ የለም። የነሱም ሲተጫጩ ተቆጥሮ ነበር። ግን የሙሽራው አክስት ፖስቴን ለቤተሰቡ ግሩፕ ሼር አደረገችው። ከላዩ የጻፈችው ሁለት ቃል ነው፦ «ሳይንስ ደረሰበት።»

ከዚያማ «የተደበቀ አያት አለ» ተባለ።

ዛሬ ጠዋት ተደወለልኝና በሚኒባስ ቡሬ ሄድኩ። አቶ አድማሱ ግቢ፣ ዋርካው ሥር፣ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱ አባቶች ተኮራርፈው ጀርባ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ብርቱካን ደጃፉ ላይ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል።

የሽማግሌዎቹ አውራ አባ ጥሩነህ ፎቶውን አስከፍተው አዩት። ቀና ብለው አባቶቹን አዩ። ደግመው ፎቶውን አዩ።

«መምሰሉንስ ይመስላሉ» አሉ።

ብርቱካን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አባ፣ ምሳሌ ነው እኮ» አልኩ።

«ምሳሌ አጥተህ ነው የሰው ትዳር ያነሳኸው?»

ትርንጎ ጋ ደውዬ ስፒከር ላይ አደረግኋት። «አባቶቼ፣ ግንባርና ጆሮ ቁራጭ ናቸው» አለች። «እኛ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው የምናየው። ያም ሆኖ ጥርጣሬ ነው፤ የሚያረጋግጠው ሙከራ ነው። የእናንተ ሙከራ ደግሞ ቆጠራው ነው።»

«ይህቺስ ታውቃለች» አሉ አባ ጥሩነህ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ግን ከማን ሰምተህ ጻፍከው?»

ምን ልበል? ሁለት ምንጭ ነበረኝ። ሁለቱም ጆሮዎች ናቸው።

ቆጠራው እንደ አዲስ ተጀመረ። በአባት በኩል፣ በእናት በኩል፣ ቀስ እየተባለ። ስም በተጠራ ቁጥር ብርቱካን የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች። ሰባተኛው ላይ ሲደረስ ጫፉ አለቀ።

አንድም የጋራ ስም የለም።

«ጆሮን የሰጠ እግዜር ነው፤ ለማን እንደሚሰጥም አያማክረንም። ሰርጉ ይቀጥል» አሉ አባ ጥሩነህ። አባቶቹ ተነስተው ተሳሳሙ።

ብርቱካን ውኃ አመጣችልኝና ዝቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ ሰርጉ ላይ እንዳይቀሩ። ስልክዎ ግን ቤት ይቅር» አለችኝ።

በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ልነሳ ስል አባ ጥሩነህ ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ።

«እስቲ የራስህን ሰባት ቁጠር።»

አባቴን ጠራሁ። አያቴን ጠራሁ። ቅድመ አያቴን ጠራሁ።

ቆምኩ።

«የባክቴሪያ ዘር ሲቆጥር ከርሞ የራሱ አራተኛው ላይ ጠፋው» አሉ። አቶ አድማሱና አቶ ስሜነህ እኩል ሳቁ። ሲስቁማ ጭራሽ አንድ ናቸው። (ይሄንን እኔ አላልኩም።)

እልህ ያዘኝ። በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ መራዊ ላለው አጎቴ ደውዬ ቀሪውን እየጠራ አስጻፈኝ። አራተኛ። አምስተኛ። ስድስተኛውን ስሰማ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ስሙን አውቀዋለሁ። ባለቤቴ የሷን ሰባት ቤት ለልጆቻችን ስታስጠና ስድስተኛው ላይ የምትጠራው ስም ነው።

እኛ ባሕር ዳር ማዘጋጃ ቤት ፈርመን ነው የተጋባነው። የቆጠረልን የለም።

የስም መመሳሰል ማስረጃ አይደለም። ጥቆማ ነው። ቤት ገብቼ ይህንኑ ለባለቤቴ አስረዳኋት፤ ማረጋገጫ ሙከራ እንደሚቀረንም ነገርኳት።

«ሦስት ልጅ ከወለድን በኋላ?» አለች። «ላብራቶሪው ተዘግቷል።»

እንግዲህ እርማት፦ አቶ አድማሱና አቶ ስሜነህ ዝምድና የላቸውም። ቤተሰቦቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔንና ባለቤቴን በተመለከተ ግን እስካሁን ያለኝ አንድ ምንጭ ነው፣ አጎቴ። ሁለተኛ ምንጭ የምታውቁ ካላችሁ፣ በእናታችሁ፣ ዝም በሉልኝ።