ጋሽ ጉግሳ ቪየና ላይ ምን በሉ?

ጋሽ ጉግሳ፦ የእጅ ውሃ አይመጣም አልኩህ እኮ። እዚያ ማስታጠቢያ ይዞ የሚዞር ሰው የለም።

ሳሙኤል፦ ታዲያ እጅ በምን ይታጠባል?

ጋሽ ጉግሳ፦ የሚበላው በሹካ ነው፤ እጅ መታጠብ ምን ያደርግልሃል?

ሳሙኤል፦ ሹካውስ ታጥቧል?

[ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ምግብ ቤት ተቀምጠዋል። ጋሽ ጉግሳ የቡና ባለሙያ ናቸው፤ አምና ለሥልጠና ቪየና አምስት ቀን ሰነበቱ፣ ወሬያቸው ግን እስከ ዛሬ ከዚያ አልተመለሰም። ሳሙኤል የማንኪራ ንብ አርቢ ነው። ሐሙስ ለማር ኤግዚቢሽን ወደዚያው ይበራል። ማሩ ይወደድ አይወደድ አላስጨነቀውም፤ ረሃብ ነው የፈራው። ምክር ፈልጎ ምሳ ጋብዟቸዋል።]

ጋሽ ጉግሳ፦ እዚያ የማታውቀው አገር ሁሉ ምግብ ቤት አለው። የቱርክ በለው፣ የጣሊያን በለው፣ የቬትናም በለው።

ሳሙኤል፦ የቪየና ሰዎችስ የት ይበላሉ?

ጋሽ ጉግሳ፦ በሁሉም ነዋ። አንድ ቀን ጃፓኖቹ ዘንድ ወሰዱን። ዓሣው ጥሬ ነው።

ሳሙኤል፦ ታዲያ ወጥ ሠሪው ምን ይሠራል?

ጋሽ ጉግሳ፦ ይቆርጣል። አሥር ዓመት ተምሮ ነው።

ሳሙኤል፦ ለመቁረጥ? ሥጋ ቆራጩ ሰብሃት እኮ በሁለት ሳምንት ነው የለመደው።

ጋሽ ጉግሳ፦ [በትዕግሥት] አንተ ገና ብዙ ይቀርሃል። ደግሞ ሁሉም በየራሱ ሳህን ነው።

ሳሙኤል፦ ተኳርፈው ነው?

ጋሽ ጉግሳ፦ ኧረ ሰላም ናቸው።

ሳሙኤል፦ ዓሣው ግን ምን ምን ይላል?

ጋሽ ጉግሳ፦ ሳህኑ ጥቁር ድንጋይ ነው።

ሳሙኤል፦ የጣሊያኑስ? ጨው አለው?

ጋሽ ጉግሳ፦ ሻማ ያበሩልሃል።

ሳሙኤል፦ ጋሽ ጉግሳ፣ ሻማውን አልበላውም። እርስዎ የበሉት ምንድን ነው?

[ጋሽ ጉግሳ ወደ በሩ ያያሉ። የሚያውቃቸው ሰው የለም።]

ጋሽ ጉግሳ፦ ለሰው እንዳትነግር።

ሳሙኤል፦ ለማን እነግራለሁ?

ጋሽ ጉግሳ፦ ጋባዣችን “ምን ይምጣልዎት?” አለኝ። እኔም እንደ ጨዋ ሰው “ይቅርብኝ፣ በልቻለሁ” አልኩት።

ሳሙኤል፦ ደግ አደረጉ። እሱስ በሞቴ ብሎ ለመነዎት?

ጋሽ ጉግሳ፦ “እሺ” ብሎ የራሱን አዘዘ።

ሳሙኤል፦ ሁለተኛ አልጠየቀም?

ጋሽ ጉግሳ፦ አንዴ ብቻ። በማግስቱም አንዴ። አምስት ምግብ ቤት ገብቼ አምስቱንም ስመለከት አመሸሁ።

ሳሙኤል፦ [አዝኖ] በምን ኖሩ ታዲያ?

ጋሽ ጉግሳ፦ ባለቤቴ ሻንጣ ውስጥ በሶ ከታልኝ ነበር። ሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ቆሜ እየበጠበጥኩ።

[አስተናጋጇ ቆጮ በጎመንና በሚያቃጥለው ቆጭቆጫ በትልቅ ትሪ አምጥታ መሃላቸው ታስቀምጣለች። ጋሽ ጉግሳ ምራቃቸውን ይውጣሉ።]

ሳሙኤል፦ እንብላ፣ ጋሽ ጉግሳ።

ጋሽ ጉግሳ፦ አንተ ብላ። እኔ ቤት ቀማምሼ ነው የመጣሁት።

ሳሙኤል፦ እሺ።

[ትሪውን ወደ ራሱ ስቦ ይጀምራል። ጋሽ ጉግሳ ይጠብቃሉ። ጎመኑ ወደ ግማሽ ይወርዳል።]

ጋሽ ጉግሳ፦ ሳሙኤል፣ ምነው፣ አትለምነኝም እንዴ?

ሳሙኤል፦ እየተለማመድኩ ነው። በረራዬ ሐሙስ አይደል?

ጋሽ ጉግሳ፦ [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ቁርስ እንኳ አልበላሁም። ርቦኛል።

ሳሙኤል፦ [ትሪውን እየገፋላቸው] ይችን “ርቦኛል” ቪየና ላይ ቢሏት ኖሮ፣ ጋሽ ጉግሳ፣ ዓሣው ምን ምን እንደሚል ይነግሩኝ ነበር።