የሰማንያ ቀኗ የክርስትና እናቴ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ አንዲት ሕፃን ክርስትና ልታነሳኝ ሞክራ አቃታት። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ሁሉም ተስማማ፤ እኔም ጭምር።

ሕፃኗን አውቃታለሁ። ናርዶስ ትባላለች፤ የጓደኛዬ የሰናይት ልጅ ናት። ዛሬ ሰማንያ ቀን ሞላት። በእውን ቢሆን ክርስትና የማነሳት እኔ ነበርኩ፤ ለዚሁ ብዬ ትናንት ሰናይት ቤት መጥቼ ከጓዳው አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍል አደርኩ። ልተኛ ስል አንድ ሐሳብ ከነከነኝ። ነገ ስለ ልጅቷ "ታምናለች" ብዬ የምመልሰው እኔ ነኝ። እኔ ራሴ ግን አምናለሁ ወይ? አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ አንድ የአዎ ወይም የአይደለም ጥያቄ መመለስ ስላቃተኝ ተናደድኩና ተኛሁ።

ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜአለሁ። ጫማዎች ሰዎቻቸውን በር ላይ እያወለቁ ይገባሉ። ሸበጡም፣ ቡትሱም፣ ባለ ተረከዙም ባለቤቱን ደረጃው ላይ አስቀምጦ እየተሳለመ ያልፋል። አንዲት የላስቲክ ጫማ በር የሚጠብቀውን ትልቅ ቦቲ፣

"ሴትዮዬን አደራ፤ ባለፈው እሑድ አንዷን ሰርቀውኛል" አለችው።

"እንዲህ ያረጀች ሴት ማን ይሰርቅሻል" አላት።

ግቢው ውስጥ ረጅም ሰልፍ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ፎጣ ተጠቅልለው እየተንቀጠቀጡ ያለቅሳሉ። ሕፃናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ያወራሉ።

"የኔው ዘጠና ሁለት ኪሎ ነው" አለ አንዱ።

"የኔዋ ቀለል ትላለች፤ ግን ትናከሳለች።"

"ጥርስ ያበቀለ ሰው ምን ይታመናል።"

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ደምመላሽ ከፊቴ ቆመው ስቅስቅ ብለው ያለቅሳሉ። የእኔን ዕድገት ሦስት ዓመት መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈው የያዙ ሰው ናቸው። በዚያ ቀን ፀሐይ የወጣችው በሰሜን በኩል ነበር። ሰይጣንን ለመካድ ወደ ምዕራብ፣ ለማመን ወደ ምሥራቅ መዞር እንደሚገባ የሚያውቁት ሁሉ አቅጣጫ ጠፋባቸው። ግማሹ ሰው ሲዞር ሲዞር ቆይቶ እግዚአብሔርን ካደና ሰይጣንን አመነ። ማንም አላረመውም፤ ዜማው ትክክል ነበር።

ናርዶስ በእግሯ መጣች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ትርሲት የምትባዪው አንቺ ነሽ፣ ልጄ?"

"አዎ፣ እትዬ ናርዶስ" አልኳት። እትዬ ያልኳት ለምን እንደሆነ አላውቅም። "ትናንት እኮ ሽንት ጨርቅ የቀየርኩልዎት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ገልብጠሽ ነው ያሰርሽልኝ።"

ጉልበቷ ላይ ልታስቀምጠኝ ፈልጋ፣ አየት አደረገችኝና ተወችው።

"ስሚ ልጄ፤ ካህኑ 'ይህች ሴት ታምናለች ወይ?' ሲሉ ስላንቺ የምመልሰው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ገና ሰማንያ ቀኔ ነው፤ እስካሁን ዋሽቼ አላውቅም። እንዳታስጀምሪኝ።"

"ማተብ አለኝ" አልኩና አንገቴን አሳየኋት።

"አይቼዋለሁ። እሱ ይግባ።"

ማተቤ ካንገቴ ተፈቶ፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ ሰልፉን ሁሉ ቀድሞ ገባ። ከውስጥ እልልታ ተሰማ። ተጠመቀ ማለት ነው።

"አሁን አንቺ ቀረሽ" አለች ናርዶስ።

"እጾማለሁ።"

"መቼ?"

"እናቴ ቤት ስሄድ።"

"ብቻሽን ስትሆኚስ?"

"ሥራ ይበዛብኛል።"

"ሥራሽ መብላት ነው?"

የተጠቀለልኩትን ፎጣ ወደ ላይ ሳብ አደረግኩ። ትንሽ አዘነችልኝ መሰለኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እሺ፤ ማንም ሳያይሽ ጸልየሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጊዜ። ተንበርክኬ፣ ከልቤ።"

"ከዚያስ?"

"አለፍኩ።"

"ከዚያስ?"

"አለፍኩ አልኩዎት እኮ።"

ይህን ስል ግቢው የዩኒቨርሲቲያችን የፈተና አዳራሽ ሆነ። ፎጣዬን እንደታጠቅኩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀት ሰጡኝ። መልሱ ተጽፎ አልቋል፤ "አምናለሁ" ይላል። ከበላዩ ያለው መስመር ባዶ ነው።

"ጥያቄውን ጻፊ" አለችኝ ናርዶስ።

ጻፍኩ። አንገቷን አስግጋ አነበበችው። "ይሄ የመምህርሽ ጥያቄ ነው" አለች። ሰርዤ ሌላ ጻፍኩ። "ይሄም የእናትሽ ነው። ያንቺን ጻፊ።" እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የራሴን ጥያቄ ጠይቄ እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ይህ ነገር አሳፈረኝ፤ ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት መልሼ አላውቅም።

"በቃ፣ እስቲ ላንሳሽ" አለችና ወረቀቱን ነጠቀችኝ። ግቢው ተመልሶ መጣ። ሁለት እጇን ብብቴ ሥር ከትታ ሳበች። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ንቅንቅ አላልኩም።

"ስልሳ ኪሎ እንኳ አልሞላም" አልኩ።

"ኪሎው አይደለም። የሆነ ነገር ጨብጠሻል። ልቀቂው።"

እጄን ከፍቼ አሳየኋት። ባዶ ነው። በጣቷ ወደ ታች አመለከተችኝ። በእግር ጣቶቼ ሣሩን ጨምድጄ ይዤዋለሁ።

"መጀመሪያ ያንሱኝና እለቃለሁ" አልኳት።

"መጀመሪያ ልቀቂና አነሳሻለሁ።"

"ቢጥሉኝስ?"

"ከየት? መሬት ላይ እኮ ነሽ።"

እንዲህ ስንባባል አንድ የአርባ ቀን ልጅ አቶ ደምመላሽን በአንድ እጁ ታቅፎ፣ በሌላው ዝንብ እየከለከለላቸው በአጠገባችን አለፈ። ደሜ ፈላ።

"እሳቸው በምን ቀለሉ? እኔ እንኳ ሰው በድዬ አላውቅም።"

"እሳቸው ያለቅሳሉ" አለች ናርዶስ።

"እኔ የሚያስለቅስ ነገር አላየሁም።"

"እሱን ነው የምልሽ።"

እኔ ስላልተነሳሁ መጠመቂያው ራሱ ወደ እኛ መጣ። ካህኑም አብረው መጡ። ጫማዎቹ ሁሉ አፍንጫቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ይህች ሴት ታምናለች ወይ?" አሉ ካህኑ።

ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማል። ናርዶስ ወደ እኔ ዞረች። "ሕፃን ሳለሽ ስላንቺ የመለሰችው ማን ናት?"

"የክርስትና እናቴ፣ እትዬ በለጡ።"

"ትጠራ።"

እትዬ በለጡ ከሞቱ አስር ዓመት አልፏቸዋል፤ ቢሆንም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከኋላዬ ብቅ አሉ። ካህኑ ጥያቄውን ደገሙላቸው።

"እኔ ምን አውቄ" አሉ እትዬ በለጡ። "ያሉኝን ነው ያልኩት። ስለኔ የመለሰችውን ጠይቋት።" አውራ ጣታቸውን ወደ ኋላቸው ቀሰሩ።

ከኋላቸው የቆመችው ሴትም ወደ ኋላዋ ቀሰረች። ዞሬ አየሁ። የሴቶቹ ሰልፍ ከግቢው ወጥቶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ተራራውን ወጥቶ ከዓይን ይጠፋል። ሁሉም አንድ አንድ ጣት ወደ ኋላቸው ቀስረዋል። ነገሩ የመሥሪያ ቤት ነገር ነበር፤ መስኮት አምስት ወደ መስኮት አራት፣ መስኮት አራት ወደ መስኮት ሦስት። አንዳንዷ ግን ከመጠቆሟ በፊት ታመነታለች። በጣም ሩቅ ደግሞ አንዲት ሴት እጇን ደረቷ ላይ ያደረገች፣ ወደ ማንም ያልጠቆመች መሰለኝ። ከርቀቱ የተነሳ ፊቷን መለየት አልቻልኩም።

"አየሽ ልጄ" አለችኝ ናርዶስ፣ ቀስ ብላ። "እኔም አድጌ ስጠየቅ ወደ ኋላዬ እጠቁማለሁ። ከኋላዬ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ጣቴ አንቺ ላይ ሲያርፍ ምን ትያለሽ?"

በሕልሙ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተናደድኩም። አሰብኩ። ከማንም ያልተማርኩት፣ ማንም ያላስጠናኝ አንድ መልስ ከሆዴ ተነስቶ ሲመጣ ተሰማኝ። ትንሽ መልስ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

"ትርሲት። ትርሲት፣ ተነሺ።"

ሰናይት በሩ ላይ ቆማለች። ናርዶስን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋታለች፤ ሕፃኗ ጭልጥ ብሎ እንቅልፍ ወስዷታል። ውጭው ሊነጋጋ ነው።

"ረፍዶብናል" አለች ሰናይት። "ደግሞ ዋናውን ነገር ሳልጠይቅሽ፤ ንጹሕ ነሽ አይደል?"

አፌ ገና እንደተከፈተ ነበር።

"አይደለሁም" አልኳት።

"ውይ በሞትኩት። መቼ?"

"ሌሊት።"

"ሌሊት መጣብሽ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። የጠየቀችኝ ስለ ወር አበባ ነው። ወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ክርስትናም አታነሳም። ነገሩን ለማቃናት አንድ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ነበረችኝ። ገላዬ ንጹሕ ነው፣ የተጠራጠርኩት ሌላውን ነው፣ ቁጭ በይና ልንገርሽ ማለት እችል ነበር።

"ሌሊት መጣብኝ" አልኩ።

"ምን ታደርጊዋለሽ፣ የተፈጥሮ ነገር ነው" አለች ሰናይት። "አምስት ቀን ቢሆን ነው፤ ያልፋል።" ወደ ጎረቤት በኩል አንገቷን አሰገገች። "በቃ አስካለን ልቀስቅሳት። እሷ ከዚህ ጣጣ ከወጣች ቆየች።"

"ታምናለች?"

"ማን?"

"አስካለ። ታምናለች ወይ?"

ሰናይት እንቅልፍ ያልለቀቀኝ መስሏት ትክ ብላ አየችኝ።

"ትርሲት፣ ሴትዮዋ አጥር ለአጥር ናት፣ ነጠላዋም የታጠበ ነው። ሌላ ምን ፈለግሽ? ይልቅ ተኚና ወገብሽን አሙቂው።"

ልጇን ወደ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ ወጣችና በሩን፣ በሽተኛ በተኛበት እንደሚዘጋው፣ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።