ጤነኛ ሰው ብርቱካን ሲገዛ

በእኛ አገር ፍራፍሬ በፌስታል አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ በሽተኛ ሊጠይቅ ነው፣ ወይ ቤቱ በሽተኛ ተኝቷል። በደህና ቀን ለራሱ ብሎ አንድ ኪሎ ብርቱካን የሚገዛ ጤነኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም ነበር፤ ራሴ ሆኜው እስካርፍ ድረስ።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ሜሮን ናት። አንድ ቀን እራት ላይ ጥብሴን ትኩር ብላ አየችና፣ "አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ሰውነትህ እንደ ብረት እየዛገ ነው እኮ!" አለችኝ። ፍራፍሬ ውስጥ አንቲኦክሲደንት የሚባል ዝገት ተከላካይ እንዳለ፣ ቀለማቸው ደማቅ በሆኑት ላይ እንደሚበዛ አስረዳችኝ። ለካስ እኛ የዘይቱን ፍሬ ከዛፍ እየቀጠፍን ያደግን ሰዎች አንቲኦክሲደንት ስንበላ ኖረናል! ስሙን ስላላወቅነው ግን አልኮራንበትም።

ከዚያ ወዲያ ከቢሮ ስመለስ ሰሚት ላይ ከታክሲ እወርድና ማንጎውን፣ ፓፓያውን፣ ብርቱካኑን ሸክፌ ወደ ኮንዶሚኒየማችን እገባለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ጥበቃው፣ "እግዜር ይማርዎት ጋሼ" አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ይባስ ብሎ አዘነልኝ። እውነቱን ነው፤ እኛ ዘንድ "ደህና ነኝ" ማለት የሕመም ዋናው ምልክት ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብሎ ተረተብኝ።

ቅዳሜ ጠያቂ ጎረፈ። ሁሉም ፌስታል ይዟል። እንዳልታመምኩ ብምልም የሚሰማኝ አልተገኘም። ከሁሉም ያሳፈሩኝ ግን ምድር ቤት ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ ብርቄ ናቸው። ሦስት ብርቱካን ይዘው፣ የደረጃውን ብረት እየተደገፉ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጡልኝ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ምነው፣ አመመዎት እንዴ ብላቸው፣ "ደህና ነኝ" አሉኝ። እኔም አመንኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥበቃው እማማ ብርቄ አልጋ ከያዙ መሰንበታቸውን ነገረኝ። ልባቸውን ነው። እኔን ሊጠይቁ የወጡ ዕለትም ያማቸው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ አልሰማም። በምን ይስማ? ወደ ቤታቸው ፌስታል ሲገባ አልታየማ!

አፈርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የራሴን ዝገት ሳሰላስል፣ ከሥሬ ያሉትን ሴትዮ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብዬ አላየኋቸውም። ከፍራፍሬው ደህና ደህናውን መርጬ ወረድኩ።

እማማ ብርቄ ፌስታሉን ሲያዩ ተቆጡኝ። አንተ ታመህ ለእኔ ትሸከማለህ? ብለው፣ ቀና አሉና ትልቁን ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ። "ብላ ልጄ። የታመመ ሰው እምቢ አይልም።"

በላሁ። ምን ላድርግ? ስጨርስ ተሻለህ ወይ አሉኝ።

ደህና ነኝ አልኳቸው። እሳቸው ግን እንደ እኔ ሞኝ አይደሉም፤ አላመኑኝም።