የጋሽ ገብረየስ ድረ ገጽ ጎብኚዎች

ድረ ገጽ ያለው ሰው ጤና ይስጥልኝ አይልም። ልጅህ እንዴት ነው፣ ወገብዎን ተሻለዎት ወይ እያለ ጊዜ አያጠፋም። መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ እጁን ጨብጦ፣ ሳይለቅ፣ «ገብተሃል?» ይላል። የተጠየቀው ሰው የት እንደሚገባ ባያውቅም «ገብቻለሁ» ማለት አለበት። አለበለዚያ እጁ አይለቀቅም።

ሀዋሳ ከዚህ ዓይነት ሰው የደረሳት አውራውን ነው። ጋሽ ገብረየስ ይባላሉ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሀዋሳ በሐሩር ስትጋገር እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው። ጉዳቸውን ከማንም በላይ የምታውቀው ፈትያ ነበረች፤ ድረ ገጹ የተወለደው በእሷ ቤት ነዋ!

ፈትያ መሃል ከተማ፣ በፎቶ ቤትና በልብስ ሰፊ መካከል፣ ስድስት ኮምፒውተር ያለው ኢንተርኔት ቤት ነበራት። ከስድስቱ አራቱ ይሠራሉ። በ2002 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ጋሽ ገብረየስ ገቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ፈትያ፣ ድረ ገጽ ልከፍት ነው።»

«ነፃ ብሎግ አለ ጋሼ፤ በአምስት ደቂቃ ልክፈትልዎት?»

«የሰው ግቢ ውስጥ ጎጆ ቀልሼ፣ ባለቤቱ በተቆጣ ቁጥር ልነሳ? አይሆንም ልጄ። የራሴ ስም፣ የራሴ አጥር፣ የራሴ በር!»

የራሳቸውን በር ማቆም ሦስት ሳምንት ፈጀ። አዲስ አበባ በኮምፒውተር ሙያ የሚተዳደር ዮናስ የሚባል የድሮ ተማሪያቸው ሰርቨሩ ላይ ቦታ ሰጣቸው፤ ስሙንም አስመዘገበላቸው። ከዚያ እሱ በስልክ ሲያዝ ፈትያ ስትጭን፣ ጭና ልትጨርስ ስትል መስመሩ ሲቆረጥ፣ መስመሩ ሲመለስ የመብራት ፈረቃው ሲደርስ ከረሙ። በመጨረሻ አንድ ረቡዕ ገጹ ብቅ አለ። ከላይ የሐይቁ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር «ሀዋሳን ይወቁ» የሚል ጽሑፍ፣ ከታች ደግሞ ጎብኚ የሚቆጥር ትንሽ ሳጥን። ጋሽ ገብረየስ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ሀዋሳ ዛሬ ለዓለም ተከፈተች» አሉ።

«የእኔ ግን ተዘጋብኝ» አለ ከጎናቸው ኢሜይል ይጽፍ የነበረ ደንበኛ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ሰላም አጣ። ጋሽ ገብረየስ፣ አሁን ክቡር ዋና አዘጋጁ፣ ካርድ አሳተሙ። ከስማቸው በታች «የድረ ገጽ ባለቤት» የሚል ነበረበት፤ «ጡረተኛ» የሚለው ቃል ግን በአጉሊ መነጽርም ቢፈለግ አይገኝም። የባጃጅ ሹፌሩን ኩማን ለምነው አድራሻውን ከኋላው አስለጠፉ። ኩማ በሳምንቱ እያለቀሰ መጣ፤ ተሳፋሪው ሁሉ አዲስ መስመር የተከፈተ መስሎት «ሀዋሳን ይወቁ ጋ አውርደኝ» ይለው ጀመር። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ የምትበልተውን ሸዋዬን «ገብተሻል ወይ?» ቢሏት፣ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ «ቅርፊቱን ሳልጨርስ የት ልግባ?» አለቻቸው። ልቅሶ ቤት ሳይቀር፣ አጠገባቸው የተቀመጡትን ሰውዬ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሟቹም እኮ ሳይገቡ ሄዱ» ብለዋቸዋል።

ፈትያን በየቀኑ ይጠይቋት ነበር። «ዛሬ ገብተሻል?» «ገብቻለሁ ጋሼ።» ውሸቷን ነው። ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር አሥራ ሦስት ምዕራፍ የጻፈ ሰው ቤት ማን ይገባል? እሳቸው በሁለት ጣት ፊደል እየለቀሙ ሲጽፉ እሷ ሻይ ታቀርብላቸዋለች፤ ከዚያ በላይ ግዴታ አልታያትም።

ቆጣሪው ግን ይቆጥር ነበር። በሁለተኛው ወር ሁለት መቶ ዐሥር አለፈ። ጋሽ ገብረየስ ከረሜላ ገዝተው ለደንበኛው ሁሉ አደሉ። ፈትያ ከረሜላውን አፏ ውስጥ ይዛ፣ ገጹን ሲከፍቱ፣ ሲዘጉ፣ «እስቲ አሁንስ?» ብለው መልሰው ሲከፍቱ ተመለከተች። ዝም ማለት ትችል ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቆጣሪው እርስዎንም እኮ ይቆጥራል።»

«እንዴት እኔን?»

«በከፈቱት ቁጥር አንድ ሰው ይላል።»

ጋሽ ገብረየስ ገጹን ዘጉት። ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ፈትያ ምላሷን ረገመች፤ አንድ ሽማግሌ በሁለት መቶ ዐሥር ሰው ቢደሰት ማንን ጎዳ? በአራተኛው ቀን ኮታቸውን ቆልፈው መጡና ሳይቀመጡ፣ «ከዚህ ቤት የሚገባውን እንዳይቆጥር ማድረግ ይቻላል?» አሉ።

«ይቻላል። ግን ጋሼ፣ ቁጥሩ...»

«ይውረድ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ የተራራን ከፍታ ጨምሬ አላውቅም።»

ዮናስ በስልክ እየመራት አስተካከለችው። የእሳቸው ተቀንሶ የቀረው ጎብኚ ዘጠኝ ነበር። ዘጠኝ! ፈትያ ማልቀስ አማራት። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ሳቡ።

«ዘጠኝ ተማሪ ቀርቦልኝም አስተምሬ አውቃለሁ። እስቲ ከዘጠኙ ውስጥ የተናገረ ካለ አሳዪኝ።»

ከመጨረሻው ምዕራፍ ሥር፣ ማንም ሳያየው፣ አንድ አስተያየት ተጽፎ ነበር፤ ከተጻፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ጋሽ ገብረየስ ጮክ ብለው አነበቡት። «ምሕረት እባላለሁ። የምጽፈው ከደባርቅ ነው። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤያለሁ። እዚያ የማውቀው ሰው የለም። ከመናኸሪያ እንዴት ነው የሚደረሰው? አባቴ ሴት ልጅ ብቻዋን እንዲህ አገር አቋርጣ አትሄድም፣ ይቅርብሽ እያለኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ፈትያ አትረሳም። «አሥራ ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ምድር እንዴት እንደተሰነጠቀች ተናገርኩ፤ መንገዱን ግን አልተናገርኩም።»

በዚያው ዕለት ኩማን ይዘው መናኸሪያ ሄዱ። ልክ ከሩቅ እንደመጣ እንግዳ፣ ሻንጣ አንጠልጥለው ከአውቶቡስ እንደሚወርድ ሰው ሆነው፣ ከበሩ ጀምረው እርምጃቸውን ቆጠሩ። ሻንጣ ካልተሸከምኩ የሚሉት የትኛው በር ላይ እንደሚቆሙ፣ ባጃጁ በየት ዞሮ በየት እንደሚወጣ፣ ውሃ የት እንደሚጠጣ፣ ወባ ስላለ አጎበር መያዝ እንደሚያስፈልግ፣ ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ መላጣ አሞራ ሲያዩ እንዳይደነግጡ፣ ሁሉንም ጻፉ። አራት ቀን ፈጀባቸው። ጽሑፉን ሲለጥፉ ፈትያ ወረፋ የያዙ ደንበኞች ነበሩባትና አላነበበችውም። ርዕሱን ብቻ አየች፤ «ወደ ሀዋሳ ለሚመጣ ልጄ» ይላል።

ቁጥሩ በሳምንቱ ስድሳ፣ ቀጥሎ አራት መቶ ሆነ። ተማሪ ለተማሪ እየተነጋገረ ነበር። ከጎሬ ጠየቁ፣ ከአክሱም ጠየቁ፣ ከጂጂጋ ጠየቁ፤ ጋሽ ገብረየስ በሁለት ጣታቸው ለእያንዳንዱ መለሱ። ሦስት ሺህ ሲገባ ፈትያ ስትነግራቸው፣ «ቆይ፣ ይቺን የአሶሳዋን ልመልስላት» ብለው ቀና እንኳ አላሉም።

ከዚያ የዩኒቨርሲቲው መግቢያ ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ አቧራ የጠጣ ሻንጣ እየጎተተች፣ በእጇ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ፈትያ ቤት በር ላይ ቆመች። ወረቀቱን አየች፤ ታፔላውን አየች፤ ደግማ ወረቀቱን አየች።

«ፈትያ የምትባለው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ምነው?»

«ምሕረት ነኝ፤ ከደባርቅ። እዚህ ጠብቂ ተብዬ ነው።»

«ማን ነው ያለሽ?»

ልጅቷ ወረቀቱን ዘረጋችላት። ከድረ ገጹ የታተመ ነው። ከመጨረሻው አንቀጽ በታች በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል። «ሴት ልጅ ብቻዋን ከሆነች፣ ወይም ከመሸባት፣ ወይም ከፈራች፣ መሃል ከተማ ፈትያ ኢንተርኔት ቤት ትግባ። ፈትያ ሐቀኛ ናት። እኔን እንኳ ፊት ለፊት እውነቱን የነገረች እሷ ብቻ ናት። እዚያ የተቀመጠን ልጅ ማንም አይነካውም።»

ፈትያ ቆማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ስንት ጊዜ «ገብቻለሁ» ብላ ዋሽታቸዋለች!

ምሕረትን ወንበር ሰጠቻት፤ ሻይ አዘዘችላት። ሻዩ ሳይመጣ ሌሎች ሁለት ሴት ልጆች ገቡ። ከዚያ አራት። ሁሉም ያቺኑ ወረቀት ይዘዋል። ፈትያ የማይሠሩትን ሁለት ኮምፒውተሮች አንስታ ጠረጴዛውን ለሻንጣ ለቀቀች። ልብስ ሰፊው ወንበር አቀበለ። ኩማ ሦስት ሦስት አድርጎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ያመላልስ ጀመር። ጋሽ ገብረየስም ከመናኸሪያ ደረሱ፤ ኮታቸውን እንደቆለፉ፣ የማያውቁትን ልጅ ፍራሽ በትከሻቸው ተሸክመው። ፍራሹን ሳያወርዱ በሩ ላይ ለቆሙት ስለ ስምጥ ሸለቆ ማስረዳት ጀመሩ፤ ልጆቹም ይሰሟቸው ነበር። እውነት ይሰሟቸው ነበር!

የምሕረት ስልክ ጠራ። አባቷ ናቸው። ትንሽ ተነጋገረችና ስልኩን ለፈትያ አቀበለቻት።

«እመቤት፣ ልጄ በደህና ገባች?» አሉ ሽማግሌው።

«በደህና ገብታለች አባባ። አጠገቤ ሻይ እየጠጣች ነው። አሁን እኔው ራሴ አደርሳታለሁ።»

«ይህን መንገድ የጻፉትን ሰው እግዚአብሔር ይስጣቸው በይልኝ። እሳቸው ባይሆኑ አልሰድዳትም ነበር። አንቺስ ምናቸው ነሽ?»

ፈትያ ወደ በሩ ተመለከተች። ጋሽ ገብረየስ በነፃ እጃቸው አየር ላይ ሐይቅ እየሳሉ ነበር።

«ልጁ ነኝ» አለች። «አባቴ ነው።»